አንድ ጣሳ ያጣላል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መዋል ይቀለኛል። ባለፈው ግን የእህቴ ልጅ ግድ ብላ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወደተከፈተ አንድ ቢራ ቤት ወሰደችኝ። ቢራውን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚጠምቁት። አስተናጋጁ በጣውላ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ብርጭቆዎች አመጣ፤ አንዱ እንደ ገብስ ገለባ የነጣ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ጥቁር።

«እማማ፣ ይቅመሱና የሚወዱትን ይምረጡ። ጥቁሩ ግን ሳይከብድዎት አይቀርም» አለኝ።

ከነጩ ጀምሬ በጥቁሩ ጨረስኩ። በየመሀሉ ደረቅ ዳቦ ቆረስኩ። ከዚያ «ነጩ ትንሽ ቢቆይ ይሻለው ነበር፤ ቀዩ ደህና ነው፤ ጥቁሩ በደንብ የተሠራ ነው» አልኩት። ልጁ ፈገግ ብሎ ሄደ። የእህቴ ልጅ ግን ትኩር ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ ቢራ የት ታውቂያለሽ?»

ቢራ አላውቅም። የማውቀው ጠላ ነው። በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ አካባቢ በአንድ ቀበሌ መዝናኛ ክበብ ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ ሥራዬም ጠላ መምረጥ ነበር። ቤተሰቦቼ በዝርዝር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አላወራሁም። ያ ዘመን ብዙ የሚያስፈራ ነገር ነበረበት፤ ስለዚያ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ ጠላው ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ቀረ። ቤት ተቀምጬ ሳለ ቀበሌው ለክበቡ የግዥ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ግዥ ሲባል ስኳርና ሳሙና መስሎኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ በለጠ ይባላል፤ ከዚያ በፊት የስፖርት አስተማሪ ስለነበረ ነገር ሁሉ በሰልፍ ቢሆን ይወዳል።

«ጓድ አልማዝ፣ የጠርሙስ ቢራ በኮታ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል» አለኝ። «ሰፊው ሕዝብ ግን በየቀኑ ይጠማዋል። ስለዚህ ክበቡ ጠላ ይሸጣል። አንቺ ትመርጫለሽ።»

«እኔ ጠላ አልጠጣም» አልኩት።

«በጣም ጥሩ። አትሰክሪም ማለት ነው» አለና የቅጥሬን ወረቀት ፈረመ።

ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን አይቋረጥም። እናቴ ስትሰማ «ይህን ሁሉ ያስተማርኩሽ ከጠላ ቤት ጠላ ቤት እንድትዞሪ ነው?» አለችኝ።

«መንግሥት ነው የቀጠረኝ።»

«እንግዲያውስ እሱ ራሱ ዞሮ ይጠጣ።»

ብቻዬን ግን አልተውኝም። ከሴቶች ማኅበር እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ሴት አብረውኝ እንዲሠሩ ተመደቡ። የመንዝ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለትልልቅ ድግስ ሲጠምቁ ኖረው፣ ያን ጊዜ ጉልበታቸው ደክሞ ጋን ማንሳት አቁመዋል። ጠላ መቅመስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቁጭ አድርገው የነገሩኝ ግን ጥቂት ነው፤ አብሬያቸው እየዞርኩ የሚያደርጉትን አየሁ።

በቅምሻ ቀን ፀጉራቸውን ቅቤ አይቀቡም፤ ሽንኩርት የገባበት ነገር አይበሉም። ጠዋት ደረቅ እንጀራ ቆርሰው በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥራሉ፤ ከአንዱ ጠላ ወደ ሌላው ሲያልፉ አፋቸውን የሚያጸዱት በሱ ነው። የቅል መጠጫቸውን፣ አንኮላቸውን፣ ከቤታቸው ይዘው ይወጣሉ። «ጣሳ የራሱ ጣዕም አለው፤ እኔ ቆርቆሮ ልቀምስ አልመጣሁም» ይላሉ።

ሰው ቤት ስንገባ መጀመሪያ ጠላውን አይጠይቁም። «የታጠበ ጋን አለሽ?» ነው የሚሉት። ሴትየዋ ግራ እየተጋባች ባዶውን ጋን ታቀርባለች። እትዬ የሺመቤት ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ከጋኑ አፍ ውስጥ ይከታሉ። በግራዋ ቅጠል በደንብ የታሸ ጋን ምን እንደሚሸት፣ የወይራ ጭስ የጠገበና ያልጠገበ ጋን በምን እንደሚለይ የተማርኩት እንዲያ ጎንበስ እያልኩ ነው። ጋኑ ካልጸዳ የዚያ ቤት ጠላ ቢቀመስም ባይቀመስም አንድ ነው።

ከዚያ አፉ ተመርጎ ወደተቀመጠው ጋን ይሄዱና ጆሯቸውን ሆዱ ላይ ያስደግፋሉ። «ስሚ» ይሉኛል። ገና እየፈላ ያለ ጠላ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ማቋረጥ ይንሿሿል። እየበሰለ ሲሄድ ድምፁ ይራራቃል፤ አንዴ ጠብ ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ጠብ። «አሁን ወሬዋን ጨርሳለች» ካሉ ጠላው ደርሷል። «ገና ታወራለች» ካሉ ሌላ ቀን እንመለሳለን።

ከቀመሱ በኋላ መጥፎ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። የሴትን ጠላ መንቀፍ እናቷን ጨምሮ መስደብ ነው ይላሉ። ጌሾው ከበዛ «ጠንካራ እጅ አለሽ»፣ ከሳሳ «ለሕፃንም ይሆናል»፣ የሚቆላው እህል፣ አሻሮው፣ ካረረ «እሳት ትወጃለሽ» ይላሉ። ከልባቸው የወደዱት እንደሆነ ምስጋና አያበዙም። አንኮላቸውን ይዘረጉና «ድገሚኝ» ይላሉ። ይህን ቃል ሲናገሩ የሰማሁባቸው ቤቶች ብዙ አልነበሩም።

አንድ ጊዜ ጋኑ ላምባ ላምባ የሚል ቤት ገባን። እኔ ፊቴን መደበቅ አቃተኝ። እሳቸው ግን ጋኑን እንደ ሰው ትከሻ መታ መታ አድርገው «ይሄ ብዙ አገልግሏል፤ ጡረታ አውጪው» አሏት። ሴትየዋ ሳቀች። በሚቀጥለው ስንመጣ አዲስ ጋን አጥና ጠበቀችን።

ሰፈሩ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው አጥር ለአጥር ይኖራል፤ እያንዳንዷም የእናቷን ጠላ ነው የምትጠምቀው። የሸዋዋ ጌሾ ስለምታበዛ ጠላዋ መራራና ጥርት ያለ ነው። ከላፍቶ በኩል ያሉት የኦሮሞ ሴቶች ወፈር ያለ፣ እህል እህል የሚል ፋርሶ ያወጣሉ። ከትግራይ የመጣችው ጎረቤታቸው ጋኗን አብዝታ ስለምታጥን ጠላዋ ከአፍ ቀድሞ ለአፍንጫ ይደርሳል። ወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ ለማይጠጡት ጎረቤቶች ከተቆላ ገብስ የማያሰክር ቀሪቦ ታዘጋጃለች። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ከሁሉም የወደድኩት ቀሪቦውን ነበር። እትዬ የሺመቤት ይህን ስነግራቸው «ምንም አይደል፣ ልጅ ሆኖ ያልጀመረ የለም» አሉኝ።

ዘነበችን ያወቅኳት በዚያ ዙረት ነው። ከጎጃም የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ወደ መካኒሳ አቦ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ደጇ ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ ጠላ ትሸጣለች። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ብቻ ነበር። ጠላዋ የዳጉሳ ነው፤ አሻሮውን እስኪጠቁር ስለምትቆላው በብርሃን ፊት ቢይዙት እንኳ አያሳይም። እትዬ የሺመቤት አይወዱትም። «የጎጃም ሰው ጠላውን ከእሳቱ ዳር አንስቶት አያውቅም» ይላሉ።

አንድ ቀን ጓድ በለጠ ስብሰባ ጠራ። በቀበሌው ያሉ የግል ጠላ ቤቶች በሙሉ እንደሚዘጉ፣ ከዚያ በኋላ ለክበቡ እያቀረቡ የሚሠሩት የተመረጡ ጠማቂዎች ብቻ እንደሚሆኑ ተናገረ። ትእዛዙ ከበላይ ነው። ያልተመረጠች ጣሳዋን ታወርዳለች። ምርጫው በአዳራሹ፣ በአንድ ቀን ይሆናል፤ አንደኛ የወጣው ጠላ ደግሞ ከቀበሌዎቹ በላይ ባለው መሥሪያ ቤት፣ በከፍተኛው፣ በዓል ላይ ለእንግዶች ይቀርባል።

«ከእያንዳንዷ ጠማቂ አንድ ጣሳ ይቀመሳል» ብሎ ደንቡን አነበበ። «እኩል ልክ፣ እኩል ጊዜ።»

ከኋላ ዘነበች እጇን አወጣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ያጣላል።»

«ማንን?»

«የጠጣውንና ያጠጣውን። አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያስታርቃል፣ ሦስት ያፋቅራል። እንግዳ ቤቴ ገብቶ በአንድ ቢነሳ ሁለተኛ ደጄን አይረግጣትም።»

«ጓድ ዘነበች፣ ይህ ምርጫ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም። ኮሚቴው ከሁሉም ሦስት ሦስት ከጠጣ ድምፁን ማን ይቆጥራል?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም በልቤ ከሊቀመንበሩ ጋር ተስማማሁ፤ ያ ሁሉ ጠላ በአንድ ቀን እንዴት ይጠጣል?

የምርጫው ዕለት ጣሳዎቹ በምዝገባ ተራ ተሰለፉ። ነጩ፣ መራራው፣ ወፍራሙ፣ ሁሉም እንደመጣ ተደባልቆ። ከዘነበች ፊት የተመዘገበችው ከክበቡ ጀርባ የምትኖር ብርቄ የምትባል ጎበዝ ወጣት ናት። ያቀረበችው ነጭ ጉሽ ነበር፤ ገና ያልጠራ፣ አዲስ፣ ጣፋጭ፣ ምላስ ላይ የሚጨፍር። የኮሚቴው ፊት በአንድ ጊዜ በራ። ወዲያው የዘነበች ጥቁር ጠላ ተከተለ። ከዚያ ሁሉ ጣፋጭ በኋላ እውነትም ያረረ ነገር መስሎ ተሰማኝ። አንዱ የኮሚቴ አባል አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። እትዬ የሺመቤት «እሳት ትወዳለች» ብለው አንኮላቸውን ደፉ። ብርቄ አንደኛ ወጣች፤ ዘነበች ከነጭራሹ አልተመረጠችም።

ገንቦዋን አንስታ ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። «ጣሳዬን መቼ ነው የማወርደው?» አለችኝ።

«ከበዓሉ በኋላ።»

«አንድ ያጣላል ብያችሁ ነበር» አለችና ሄደች።

ለበዓሉ ብርቄ በአጭር ቀን ብዙ ጠላ እንድታደርስ ታዘዘች። ጓድ በለጠ ለንጽሕና ሲባል ጠላው ክዳናቸው በሚጠብቅ በርሜሎች እንዲሞላ አደረገ። ጭነት መኪናው ሊነሳ ሲል እትዬ የሺመቤት ተንጠራርተው ጆሯቸውን አንዱ በርሜል ላይ አስደገፉ።

«ይቺ ገና ታወራለች» አሉ።

«እናቴ፣ ንግግር ሳይጀመር መድረስ አለበት» አለ ጓድ በለጠ።

«እሷም እኮ ንግግር ልታደርግ ነው።»

መኪናው ሄደ። በርሜሎቹ በከፍተኛው አዳራሽ ውስጥ፣ ከወንበሮቹ ኋላ ተደረደሩ። የከፍተኛው ኃላፊ ንግግራቸውን አጋምሰው ስለ ምርት ማደግ ሲያብራሩ የመጀመሪያው ክዳን ተፈናጥሮ ጣሪያውን መታ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያስቅ አልነበረም። አዳራሹ በሙሉ ወንበር ሥር ገባ፤ ጥበቃዎቹ መሣሪያቸውን አነሱ። እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ ሳለ ነጭ አረፋ በፊቴ ሲያልፍ አየሁ። ከአንዱ አግዳሚ ሥር የአንድ ሽማግሌ ድምፅ «ጉሽ ነው ጎበዝ፣ ጉሽ ነው፤ ተነሱ» አለ። ሁለተኛው ክዳን የተፈናጠረው ሰው እየተነሳ ሳለ ነው፤ ተመልሶ ተኛ።

ከዚያ የባሰው መጨረሻው ነበር። የተረፈው ጠላ ለእንግዶቹ ተቀዳ። የመጀመሪያውን ሁሉም አመሰገነ። ከሁለተኛው በኋላ ሰው ቀበቶውን ማላላት ጀመረ። ኃላፊው የቀረውን ንግግር ሲቀጥሉ የእንግዳው ሆድ ከየአቅጣጫው ይመልስላቸው ነበር። ጓድ በለጠ ላቡን እየጠረገ ወለሉን ብቻ ያያል። በማግስቱ ከፍተኛው ዘንድ ተጠርቶ ጥፋቱን እየዘረዘረ በራሱ ላይ ሂስ አደረገ። ጠማቂዎቹ እንደገና እንዲመረጡ ታዞ ተመለሰ፤ የግል ጠላ ቤቶቹ ይዘጉ የሚለው ግን እንዳለ ነው።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ «እንዴት ይህን መረጥን? ሁላችንም እኮ አጨብጭበናል» አለ ጓድ በለጠ።

እትዬ የሺመቤት ከዚያው ከብርቄ ጠላ የተረፈ ቀድተው ተቀምጠዋል። አንዱን ጠጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን ጠጡ፤ መቀነታቸውን አላሉ። ሦስተኛውን አጋምሰው አንኮላውን አስቀመጡና ሆዳቸውን ያዙ። «ጣፋጭ በአንድ ያሸንፋል፤ በሦስት ይሸነፋል» አሉ። «ያቺ ጎጃሜ የተናገረችው ልክ ነበር። እኔም ሰማኋት እንጂ አላዳመጥኳትም።»

ያን ቀን አዲስ ደንብ አቀረብኩ። ጠላ በጠላነቱ ብቻ አይወዳደርም፤ ነጭ ከነጭ፣ መራራ ከመራራ፣ ጥቁር ከጥቁር ይታያል። ኮሚቴው ወደ ጠማቂዋ ቤት ይሄዳል እንጂ ጠላው ወደ ኮሚቴው አይመጣም። በአንድ ቀን ከአንድ ቤት በላይ አይቀመስም፤ በገባንበት ቤትም ሦስት ጣሳ ሳይጠጣ አይፈረድም።

«ጓድ አልማዝ፣ በዚህ ደንብ ምርጫው ወር ይፈጅብናል» አለ ጓድ በለጠ።

«በርሜሎቹ ግን አይፈነዱም» አልኩት። ብዙ የምናገር ሰው ስላልነበርኩ ነው መሰለኝ፣ አልተከራከረኝም።

ዘነበች ቤት የሄድነው ጓድ በለጠ፣ እትዬ የሺመቤትና እኔ ነን። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጣሳው ገና እንጨቱ ጫፍ ላይ ነበር።

«አንድ ነው ሦስት?» አለች።

«ሦስት» አለ ጓድ በለጠ።

«ግቡ እንግዲያው።»

ጋኑን አሸተትን፤ ወይራ ጠግቧል። ጆሯችንን አስደገፍን፤ ወሬዋን ጨርሳለች። ዘነበች በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀድማ ቀመሰችና ቀዳችልን። የመጀመሪያው እንደበፊቱ ነው፤ ያረረ ነገር አፌን አኮማተረው። ጓድ በለጠ ወደ እኔ አየ። በሁለተኛው እሳቱ ወደ ኋላ ሄደና ዳጉሳው መጣ፤ የተቆላ፣ ደረቅ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ። ሦስተኛው ላይ ምሬቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ለየሁት፤ ምላስ ላይ ሳይቆይ ጉሮሮን ጠርጎ ይወርዳል፤ ሆድም አይነፋም። ከዚያ በኋላ ነው ጥቁር ጠላ ምን መሆን እንዳለበት ያወቅኩት። ክፉ የመሰለን ጣዕም የቀደመው ጣፋጭ ያበላሸብን ነበር።

እትዬ የሺመቤት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ደረቅ እንጀራቸውን ጎረሱ። ቀስ ብለው አኘኩ። ዘነበች ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማ እጃቸውን ታያለች፤ ልጆቿ ከጓዳ በር ያጮልቃሉ። እትዬ የሺመቤት አንኮላቸውን ዘረጉ።

«ድገሚኝ» አሉ።

ዘነበች ቀዳችላቸው። ከዚያ «ጠላ ላምጣ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ማንቆርቆሪያው ግን ሙሉ ነበር። ትንሽ ቆይታ ወጣች።

«ተመርጠሻል» አለ ጓድ በለጠ። «ነገ መኪና ይመጣል፤ በርሜሎቹን...»

«ጠላዬ ከቤቴ አይወጣም።»

«ምን ማለት ነው?»

«መኪና ላይ ሲንገላታ አተላው ተነስቶ ይደፈርሳል። እሱስ ይቅር ቢባል፣ እናንተ በርሜል ውስጥ አፍናችሁ ታፈነዱታላችሁ። የሚጠጣው ሰው እግር አለው፤ ይምጣ።»

«ዘነበች፣ የግል ጠላ ቤት ይዘጋል ተብሏል። እኔ የጻፍኩት ትእዛዝ አይደለም። ወይ ለክበቡ ታቀርቢያለሽ፣ ወይ ጣሳው ይወርዳል።»

ጓድ በለጠ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አንዴ ሂስ አድርጓል፣ ሁለተኛ ማድረግ አይፈልግም። ዘነበችም የምትችለውንና የማትችለውን ተናግራለች። እኔ ስለ ጠላ ሳይሆን ስለ ቃሉ አሰብኩ። የሚዘጋው «የግል» ጠላ ቤት ነው።

«ክበቡ ቅርንጫፍ ሊኖረው አይችልም?» አልኩ።

«ቅርንጫፍ» አለ ጓድ በለጠ፣ ቃሉን እንደ ጠላ እየቀመሰው። «መመሪያው ቅርንጫፍ አይከለክልም።» ቆይቶ ደግሞ «እንዲያውም የክበብ አገልግሎት ይስፋፋ ይላል።»

እትዬ የሺመቤት «በል ጠጣ እንግዲህ፤ አስፋፋ» አሉት።

ስለዚህ የማንም ጣሳ አልወረደም። ብርቄ ጠላዋን አቆይታ ማውጣት ለመደችና የነጭ ጠላ ቅርንጫፍ ሆነች፤ ወይዘሮ ዘይነባ የቀሪቦ ቅርንጫፍ፤ ፋርሶውም መራራውም ተራ በተራ ቅርንጫፍ ሆኑ። ጓድ በለጠ በከፍተኛው ስብሰባ ላይ አገልግሎቱን በማስፋፋት ተመሰገነ። እኔ መንግሥት እስኪለወጥ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዞርኩ ቀመስኩ፤ ከዚያ በኋላ በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ጡረታዬን አገኘሁ። እትዬ የሺመቤት ከዚያ በፊት አርፈዋል። አንኮላቸውን ልጃቸው ሰጠችኝ።

የጥቁር ጠላ ቅርንጫፍ በተመረቀበት ዕለት ሰፈርተኛው ቁልቁለቱን ሞልቶት ነበር። በቀይ ቀለም የተጻፈው ሰሌዳ ከጣሳው ሥር ተቸነከረ። ጓድ በለጠ በደጃፉ ቆሞ የንግግሩን ወረቀት ዘረጋ። ከሰፊው ሕዝብ ጥም ተነስቶ፣ ባላባቱን አልፎ፣ ወደ ኢምፔሪያሊዝም ሊሻገር ሲል ዘነበች ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከቤት ወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለችው፣ «ተቀድቷል፤ ይሞቃል።»

ጓድ በለጠ ወረቀቱን አየ፤ ሕዝቡን አየ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጎንበስ ብሎ ገባ።